ስለ ኮፈን ሥር የኃይል አቅርቦትና ስለ ቤዝ ልክ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ ከኮፈን ሥር የተቀመጥነው፣ ሞተሪኖ አንቀሳቃሹ፣ የፍሬቻና የክላክስ ቀላቢው፣ ከመገናኛ ፒያሳ የምትመላለሰው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ዛሬ ጠዋት በአራት ተሳፋሪ ተገፍተን ከተነሣን በኋላ፤

ሾፌራችን ካርቶኑ ላይ «3000 ዋት» የተጻፈበትን አምፕሊፋየር ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ከኋላ ወንበር ሥር ያሰፈረው እኛን ሳያማክር በመሆኑ፤

ቤዙ «ዱም» ባለ ቁጥር የፊት መብራታችን ዐይኑን የሚጨፍን፣ ከፊት የሚመጣውም መኪና ቅድሚያ የተሰጠው መስሎት እያመሰገነ የሚያልፍ በመሆኑ፤

ረዳቱ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ መስማት ካቆመ በመሰንበቱና ተሳፋሪው ሁሉ ፌርማታውን አልፎ የሚወርድ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የቤዝ ልክ አዋጅ ቁጥር 12.6» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ ሞተር ጠፍቶ፣ እኛም ጠግበን ጤነኛ ስንሆን የምናሳየው ቮልት ነው። ዛሬ ጠዋት ያሳየነውን ለማወጅ ክብራችን አይፈቅድም።

አንቀጽ 2። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ዲናሞ» ማለት በቺንጊያ እየተጎተተ የሚያመርት የመኪናዋ ብቸኛ ገበሬ ነው። «ባትሪ» ማለት ጎተራ ነው። «ዋት» ማለት ሽቦ ላይ ሲሆን ቮልት በአምፔር ተባዝቶ፣ ካርቶን ላይ ሲሆን ቀለም ነው።

አንቀጽ 3። ስለ 3000ው ዋት አጣሪ ኮሚቴ አቋቁመናል። ኮሚቴው የአምፕሊፋየሩን ጎን ቢያይ የተሰካው ፊውዝ የ30 አምፔር ሆኖ ተገኘ። 30ን በ13.8 ቮልት ቢያባዛው 414 ዋት ሆነ። ይህም የሚገባው እንጂ የሚወጣው አይደለም፤ ከዚያ ላይ ገሚሱ ሙቀት ሆኖ ከኋላ የተቀመጡትን እናት እግር ያሞቃል። (እናትየው በክረምት ቅሬታ እንደሌላቸው ለኮሚቴው አስረድተዋል።) የጎደለው 2586 ዋት የት እንደገባ ሻጩ ቀርቦ ያስረዳ።

እሺ፣ የምር 1000 ዋት የሚያወጣ ይምጣ እንበል። ግማሹን በሙቀት የሚያባክን ዓይነት ከሆነ 2000 ዋት ይጠይቃል፤ በ13.8 ቮልት ሲካፈል 145 አምፔር መሆኑ ነው። ዲናሞአችን በጉልምስናው ዘመን ይሰጥ የነበረው 60 ነው፣ ያውም ሞተሩ ሲሮጥ። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲያንጎራጉር ከዚያም በእጅጉ ይወርዳል። ቤዙ እስከ ጥግ የሚከፈተው ደግሞ ልክ ያኔ ነው! ጉድለቱን ማን ይሸፍን? እኛ። የተሠራነው ሞተሪኖን ለጥቂት ሴኮንድ ለማዞር ነው፤ ሠርግ እንድንደግስ የተዋዋልነው ነገር የለም። እንዲህ በየቀኑ ባዶ ስንደረግ ሰሌዳዎቻችን ሰልፌት ይለብሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቻርጅ ቢያደርጉንም የድሮውን ያህል አንይዝም።

አንቀጽ 4። ሾፌሩ መፍትሔ ብሎ ሰማያዊ ቁጥር የሚያበራ ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር አምጥቷል። እንግዳ ነውና በክብር ተቀበልነው። ሆኖም ከ14.4 ወደ 12 ቮልት እስኪወርድ ድረስ የሚያበድረው 32 ጁል ገደማ ነው፤ 2000 ዋት ለሚጠጣ ጉሮሮ ይህ የሴኮንድ 60ኛ ክፍል አይሞላም። ከዚያ በኋላ እሱም ከኛ ጋር ተሰልፎ ከዲናሞው ይለምናል። በቁጥሩ ውበት ግን አንከራከርም።

አንቀጽ 5። መዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ሽቦ «ንጹሕ መዳብ» ተብሎ አይሸጥም። ፖዘቲቩ ላይ ከኛ ግማሽ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ፤ ሽቦው ቆርቆሮ ነክቶ ከመንደዱ በፊት የሚቆርጠው እሱ ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ የመለሰ ሰው ማንነቱ ታውቋል፤ ለጊዜው ስሙን አንጠራም። ኔጋቲቩም ቀለም ላይ ታስሮ ተገኝቷል፤ ቆርቆሮው እስኪያብለጨልጭ ይፋቅ።

አንቀጽ 6። ተጨማሪ ዋት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ዲናሞ ያሳድግ፣ ከዲናሞው ወደ እኛ የሚመጣውንም ሽቦ ያወፍር። አቅም የሌለው የድምፁን ቁልፍ ትንሽ ይመልስ፤ ድምፅ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ወደ 10 እጥፍ ዋት ይፈልጋልና፣ ዋቱ በግማሽ ቢቀነስ ከተሳፋሪው የሚያውቅ ጥቂት ነው።

አንቀጽ 7። በምሳ ሰዓት ሞተር አጥፍቶ ቴፑን ከፍቶ የመተኛት ልማድ ተሽሯል።

አንቀጽ 8። ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። በስፒከሩ ለሕዝብ እንዲነበብ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን «ስማ» ሁለት ጊዜ እንደተባለ ቴፑ ስለጠፋ፣ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ በአፉ እንዲያነብ ተደርጓል። ሕዝቡም አዋጁን የሰማው «ፒያሳ! ፒያሳ! አንቀጽ 3! የሞላ፣ አንድ ሰው!» ተብሎ ነው።