የኮምፒውተርን መዘጋት ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ማንኛውም የበራ ነገር አጥፉት ሲባል መጥፋት ያለበት በመሆኑ፤

በአዋጁ አውጪ መኝታ ቤት የሚገኘው ኮምፒውተር ግን “ሹት ዳውን” በተባለ ቁጥር ስክሪኑን አጥቁሮ፣ ማራገቢያውን ዝም አሰኝቶ፣ ሰውየው ብርድ ልብሱን እስኪስብ ታግሦ፣ ራሱን በራሱ መልሶ የሚያበራ መሆኑ በተደጋጋሚ በመረጋገጡ፤

ሻጩም፣ ጠጋኙም፣ አምራቹም ጉዳዩ እንደማይመለከታቸው በየተራ፣ በሙሉ ትሕትና ያስረዱ በመሆኑ፤

የተበላሸውን ዕቃ ማስተካከል ካልተቻለ ብልሽቱን ሕጋዊ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

የቤቱ ኪራይ ከፋይ በራሱ ላይ ባለው ሥልጣን መሠረት የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የመዝጊያ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም ቅር አይለንም።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ “ኮምፒውተር” ማለት ኮምፒውተር ነው። “ጠጋኝ” ማለት ማንኛውንም በሽታ “ፎርማት እናድርገው” ብሎ የሚያክም ሰው ነው።

አንቀጽ 3። የተፈጻሚነት ወሰን

በሁሉም ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ዝርዝሩ ወደፊት ይወጣል።

አንቀጽ 4። ስለ መዘጋት

1. እንዲዘጋ የታዘዘ ኮምፒውተር ይዘጋል፤ ተዘግቶም ይቆያል።

2. የዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከዚህ በታች በተመለከቱት ሁኔታዎች ኮምፒውተሩ ላይዘጋ፣ ዘግይቶ ሊዘጋ ወይም የተዘጋ መስሎ ሊቆይ ይችላል፤

ሀ) ማውዝ የተሰካበት እንደሆነ። ለዚህ በቂ ታሪካዊ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተባለው የማዘርቦርድ ደረጃ ከመምጣቱ በፊት የኮምፒውተር ማጥፊያ የኤሌክትሪኩን መስመር ራሱን ይቆርጥ ነበር። ዊንዶውስ 95 ሥራውን ሲጨርስ አሁን ማጥፋት እንደሚቻል በብርቱካናማ ፊደል ያስታውቅና ቀሪውን የሰው ጣት ይፈጽመው ነበር። በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን ደንብ አወጡ፤ የማጥፋት ሥልጣንም ከጣት ወደ ሶፍትዌር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ “ጠፍቷል” የሚባለው ዴስክቶፕ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ በአምስት ቮልት ትንፋሽ የሚጠብቅ ነው፤ ቁልፉ ቢነካ፣ በኔትወርክ ገመዱ ቢጠሩት፣ ኪቦርድ ቢጫን ሊነሣ ተዘጋጅቶ። በመሆኑም ማውዙን ማንም ያልነካው ቢሆን እንኳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የዩኤስቢ ተቆጣጣሪ “ተነክቷል” ካለ ቃሉ ያለ ምስክር ይታመናል።

ለ) ማውዙ የተነቀለ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ይዘጋል። ይሁን እንጂ “ሹት ዳውን” የምትለዋን ለመጫን ማውዝ ስለሚያስፈልግ፣ ባለቤቱ በቀኝ እጁ እየተጫነ በግራ እጁ ከማሽኑ ጀርባ ገመዱን ጨብጦ ይጠብቃል። የመንቀያው ሰዓት ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላ፣ ማራገቢያው ዝም ከማለቱ በፊት ነው። የዘገየ እንደገና ከፊደል ተራ ሀ ይጀምራል። ማውዙን የነቀለ መስሎት በጨለማ የስፒከሩን ገመድ የነቀለም እንዲሁ።

ሐ) ኮምፒውተሩ ጠጋኝ ፊት የቀረበ እንደሆነ ያለ አንዳች እንከን ይዘጋል። ይኸውም ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ያለው ማውዝ የድሮው፣ ባለ ክብ መሰኪያው በመሆኑ ነው። ጠጋኙም “ያው፣ ተዘጋ እኮ ጋሼ” ይላል። ችግሩ ከዩኤስቢ ማውዙ እንደሆነ ቢነገረው “ማውዝ ኮምፒውተር አያበራም” ብሎ ይስቃል፤ ከጎኑ ያለውንም ልጅ ያስቃል። ባለቤቱ በባዶ እጁ እንዳይመለስ ግን ፎርማት ያደርገዋል። ፎርማት ዲስኩን እንጂ ማዘርቦርዱን እንደማይነካ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሒሳቡ ይከፈላል።

መ) ኮምፒውተሩ ወደ ሻጩ የተመለሰ እንደሆነ ዋስትናው የሚሸፍነው አለመብራትን ብቻ ነው። “አልበራም ቢልህ ጥሩ ነበር ጋሼ፤ ይሄ እኮ ይበራል!” ተብሏል። እውነት ነው፤ ይበራል። እንደ እሱ የሚበራ ኮምፒውተር በዚህች ከተማ አይገኝም።

ሠ) ማሽኑ የታወቀ ቤተሰብ ልጅ የሆነ እንደሆነ የራሱ ልዩ አንቀጽ ይጻፍለታል። ኢንቴል ዲኤች77ኢቢ እና ዲኤች77ዲኤፍ ብሎ ያወጣቸው ማዘርቦርዶች ከተዘጉ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ተመልሰው ይበሩ እንደነበር የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ጸሐፊዎች ደርሰውበታል። መፍትሔውም መዝጊያው ሰዓት ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ከአዲሱ ተቆጣጣሪ ነጥቆ ለአሮጌው ማስረከብ ሆነ። ይሁን እንጂ እነዚያን ቦርዶች በስም ለይቶ መያዝ አልተቻለም፤ ገዝቶ የሚሸጠው ሁሉ የቦርዱን ስም እየቀየረ ይለጥፍበታል። ስለዚህ ፓንተር ፖይንት የተባለው የቺፕ ቤተሰብ በሙሉ፣ ያጠፋውም ያላጠፋውም፣ በየመዝጊያው ሰዓት ቀዳዳውን እንዲያስረክብ ተፈረደበት። አንድ ሌባ ስሙን ስለቀየረ ሰፈሩ በሙሉ በየማታው ይፈተሻል። ተከታዩ ትውልድ፣ ሃስዌል፣ ሲመጣ ተመሳሳይ ጸባይ ታየበትና ሌላ አንቀጽ ተጨመረ። ቦርዱ ሲሸጥ ቆየ፣ ጥፋቱ ሶፍትዌር ውስጥ ተጻፈ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ።

የአዋጁ አውጪ ማሽን ከእነዚህ ወገን አይደለም፤ ስሙም በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የለም። የጥፋተኞች መዝገብ ላይ ለመስፈር እንኳ የታወቁ መሆን ያስፈልጋል።

ረ) ባለቤቱ ከመዝጋት ለዘላለም ተስፋ ቆርጦ “ሪስታርት” ለማለት የወሰነ እንደሆነ። ይህም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 አይቢኤም ፒሲ ኤቲን ሲሠራ ፕሮሰሰሩን እንደገና የሚያስነሣውን ሽቦ ከኪቦርድ ተቆጣጣሪው ቺፕ ላይ ቀጠለው፤ እዚያ ላይ ትርፍ እግር ተገኝቶ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ኤሲፒአይ እምቢ ሲል ሊኑክስ ሄዶ ኪቦርዱን “እባክህ አስነሣኝ” ብሎ ይለምናል። ኪቦርዱም እምቢ ካለ የመጨረሻው ዘዴ አለ፤ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ስሕተት ውስጥ መጣል፣ ስሕተቱን ሲያስተናግድ ሌላ ስሕተት፣ ያንን ሲያስተናግድ ሦስተኛ፣ በመጨረሻ አቅቶት እንዲወድቅና እንደ አዲስ እንዲነሣ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የተጻፈ አሠራር ነው። የትኛው ማሽን በየትኛው መንገድ እንደሚነሣ የሚናገር ስም ዝርዝርም አብሮ ይዞራል፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 745 አለበት፣ ሶኒ ቫዮ አለበት፣ ማክቡክም ሳይቀር አለበት። ውድ ዕቃ ነው ብሎ የኮራ ሰው ካለ ይመልከተው።

ሰ) ዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣው የተጫነበት እንደሆነ፣ መዘጋት ማለት መዘጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቶሎ እንዲነሣ ተብሎ የውስጡን ሥርዓት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያሸልባል። እውነተኛውን መዘጋት የፈለገ “ሹት ዳውን” ሳይሆን “ሪስታርት” ይበል፤ እሱ ነው ሁሉን አውርዶ ከባዶ የሚጀምረው። ለመዝጋት ማስነሣት፣ ለማስነሣት መዝጋት። ይህን የደነገጉትን ሰዎች ባገኛቸው ቡና እጋብዛቸው ነበር፤ አፍልቼ ሳበቃ ደግሞ ጀበናውን መልሼ እጥደው ነበር።

ሸ) ባለቤቱ ትዕግሥቱ አልቆ ማብሪያውን ከአራት ሴኮንድ በላይ ተጭኖ የያዘ እንደሆነ፣ ኤሲፒአይ በሰጠው መብት መሠረት ኃይሉ ይቆረጣል። በማግሥቱ ጠዋት ግን ማሽኑ ገና ሲነሣ በጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ጽሑፍ፣ ባለፈው በአግባቡ አልተዘጋሁም ብሎ ይከሳል። ማን ነው ያልዘጋው? እኔ? በማውዝ አዝዤ፣ በኪቦርድ አዝዤ፣ ገመድ ነቅዬ፣ ባዮስ ውስጥ ገብቼ “ዌክ” የሚል ቃል ያየሁበትን ሁሉ አጥፍቼ፣ ለፎርማት ከፍዬ፣ የእናቴን የመጨረሻ ፎቶዎች በዚያው ፎርማት አጥቼ፣ አሁን ደግሞ ተከሳሹ እኔ ልሁን? ብዙ እንዲሠራልኝ መች ጠየቅሁ? ምንም እንዳይሠራ ነው የጠየቅሁት። ዝም በል ነው ያልኩት። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን ዕቃ ዝም ማሰኘት አቅቶኝ፣ አንተ ጠጋኝ ደግሞ ከጎንህ ካለው ልጅ ጋር ትስቅብኛለህ!

ይህ ፊደል ተራ እንዲሰረዝ ሐሳብ ቀርቦ ድምፅ ተሰጥቶበት ውድቅ ሆኗል።

ቀ) መብራት የሄደ እንደሆነ ኮምፒውተሩ በቅጽበት፣ በፍጹም ታዛዥነት ይዘጋል። መብራቱ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይበራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሆነ ደግሞ የመነሻ ሙዚቃውን ያሰማል። ይህን የሚከለክል ምርጫ ባዮስ ውስጥ ይኖራል፤ በዚህኛው ማሽን ምርጫው አለ፣ ማሽኑ ግን አያነበውም።

በ) ከላይ ከሀ እስከ ቀ ከተጠቀሱት አንዱም ያልተከሰተ እንደሆነ፣ ንዑስ አንቀጽ 1 ተፈጻሚ ይሆናል። እስካሁን አጋጣሚው አልተገኘም።

አንቀጽ 5። ስለ አምራቹ ኃላፊነት

የለበትም።

አንቀጽ 6። ስለ ካሳ

አንቀጽ 5ን ይመልከቱ።

አንቀጽ 7። ቅጣት

“ማውዝ ኮምፒውተር አያበራም” ያለ ማንኛውም ሰው ማውዙ እንደተሰካ አንድ ሌሊት ከማሽኑ ጋር በአንድ ክፍል እንዲያድር ይፈረድበታል። ይግባኝ የለውም። የቆጣሪ ካርዱንም እሱ ይሞላል።

አንቀጽ 8። ስለተሻሩ ሰነዶች

የዋስትና ወረቀቱ በዚህ አዋጅ ተሽሯል። ቀድሞም አልጸናም ነበር።

አንቀጽ 9። አስፈጻሚ አካል

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ያለው በአልጋው በስተቀኝ በመሆኑ፣ በዚያ በኩል የሚተኙት ክብርት ባለቤቴ ይህንን አዋጅ እንዲያስፈጽሙ ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። ኮምፒውተሩን የሚያጠፉት ሶኬቱን በእግራቸው አውራ ጣት በመሳብ ነው። ይህንኑ መፍትሔ ጠጋኙ ዘንድ ከመሄዴ በፊት በሐሳብ አቅርበው እንደነበር በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል፤ ተይዞላቸዋል።