ያቺን ሳታይ መጣህ?

ሰው አንድ ቦታ ደርሶ ሲመለስ፣ ያልደረሰበትን ቦታ የሚነግረው አያጣም። ላሊበላን አይተህ ስትመጣ «ይምርሐነ ክርስቶስን ሳታይ?» ትባላለህ። ጎንደር ነበርኩ ብትል «ጎርጎራስ?» ይከተላል። ሁለቱንም አዳርሰህ፣ አቧራህን ሳታራግፍ ብትመጣ ደግሞ «ለመሆኑ በየትኛው ወር ነው የሄድከው?» ይሉህና ወሩን ሳይወዱልህ ይቀራሉ። ይህን ሁሉ አገር ቤት ሳለሁ ችዬው ኖሬአለሁ። ባሕር ተሻግሮ ይከተለኛል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

ጀርመን አገር የሚኖር ሐበሻ ብርዱ አጥንቱ ሲገባ ጎረቤቶቹ የሚሄዱበት ይሄዳል። የኛ ጎረቤቶች የሚሄዱት ካናሪ ደሴቶች ነው፤ እኛም ተከትለን ላንዛሮቴ ሄድን። ላንዛሮቴ በወረቀት ስፔን ናት። በካርታ ግን ከአፍሪካ ዳርቻ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ርቃ የተቀመጠች፣ ዛፍ የማይበዛባት፣ ዝናብ የሚረሳት፣ እሳተ ገሞራ የሠራት ደሴት ናት። ትኬት መቁረጣችንን የሰማ አንድ ዘመዳችን «ለእሳተ ገሞራማ ኤርታ አሌ ነበረላችሁ» ብሎናል። እውነቱን ነው። ኤርታ አሌ ሥር ግን ባለ መዋኛ ሆቴል የለም፤ ባለቤቴ ደግሞ ከእሳቱ ይልቅ የፈለገችው መዋኛውን ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የባለቤቴ አጎት አሉ፤ ቤተሰቡ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው። ላንዛሮቴን ከኛ ቀድመው ረግጠዋታል፤ ከዚያ ወዲህ የደሴቲቱ ባለርስት እሳቸው ናቸው። እንደተመለስን ሊጠይቁን መጡ፤ ቡናው ሳይፈላ ምርመራው ተጀመረ።

«ኤል ጎልፎ ያለችውን አረንጓዴ ኩሬ አያችኋት?»

«አየናት፣ ጋሼ።»

«እሷንማ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያያታል! ድንጋዩን ዞር ስትሉ ያለችውን ማለቴ ነው፤ ማንም የማያውቃትን።»

«እሷን እንኳ አላየንም።»

«እንግዲያማ አልሄዳችሁም!»

አልሄድንም። በቫሊዛው ጎማ ውስጥ ገና የታሰረው ጥቁር አሸዋ፣ ፀሐይ የላጠው አፍንጫዬ፣ ከባንክ ሂሳባችን የጎደለው ገንዘብ፣ ሁሉም የሐሰት ምስክር ሆነው ቀሩ። ጋሼ ቀጠሉ። የሃኑቢዮን የጨው ማሳዎች ፀሐይ ስትጠልቅ አይተናል? በቀትር ነው ያየነው፤ በቀትር ደግሞ አይቆጠርም። ሎስ ኤርቪዴሮስ፣ ማዕበሉ ከጥቁሩ አለት ሥር ገብቶ በየቀዳዳው ሽቅብ የሚፈነዳበት? አይተናል፤ ግን በየትኛው በኩል ቆመን? ካልዴራ ብላንካ አፋፍ ላይ ወጥተን የተራራውን የተቦረቦረ ሆድ ቁልቁል አይተናል? ባለቤቴ መዋኛዋን አነሣች። ጋሼ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቲማንፋያ ግን ገብተናል» አልኩ፤ ቢያንስ በእሷ አላፍርም ብዬ።

«ያ ለቱሪስት ነው።»

እኛስ ምንድን ነበርን? የቀበሌው ነዋሪዎች?

ስለ ቲማንፋያ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ያመኛል። መስከረም 1 ቀን 1730 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሌሊት ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ እሳት ተፋ፤ እስከ 1736 ድረስም አላረፈም። የያይሳ መንደር ቄስ የነበሩት አንድሬስ ሎሬንሶ ኩርቤሎ ያዩትን እየመዘገቡ አቆይተዋል፤ መንደር በመንደር ላይ ሲቀበር፣ የቀለጠው አለት ወርዶ ባሕር ሲገባ። የደሴቲቱ ሩብ ገደማ በዚያ ተሸፈነ። ዛሬ እዚያ ጠባቂዎቹ ደረቅ ቁጥቋጦ ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ በቧንቧ አንድ ባልዲ ውሃ ሲያፈሱ እንፋሎት ሆኖ እየጮኸ ሰማይ ይወጣል። ምግብ ቤቱ ዶሮ የሚጠብሰው ከመሬት ሆድ በሚወጣው ሙቀት ነው። ጋዝ አልቆብኝ እንግዳ ፊት የቆምኩባቸውን ቀናት አስቤ ቀናሁ። ይህ ለቱሪስት ከሆነ ቱሪስት መሆን ምን ነውር አለው?

ግመሎቹም አሉ። የግመል አገር ሰው ሆነን ከፍለን ግመል መውጣታችንን ለአፋር ወዳጆቼ አትንገሩብኝ። ወንበሮቹ በግመሉ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉ ስለሆኑ ሁለት ሰው ሚዛን ጠብቆ መቀመጥ አለበት። ግመል ሳቢው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ባለቤቴን አየ፤ ምንም ሳይናገር በእሷ በኩል የአሸዋ ከረጢት ሰቀለ። ኪሎዬ በሕዝብ ፊት እንዲህ በዝምታ ተነግሮ አያውቅም።

እነዚህን ሁሉ ልተዋቸው እችላለሁ። ልተወው ያልቻልኩት የዋሻውን ነገር ነው።

በደሴቲቱ ሰሜን ኩዌቫ ዴ ሎስ ቬርዴስ የሚባል ዋሻ አለ። ላ ኮሮና ከሚባለው ተራራ የፈሰሰ የቀለጠ አለት ከላዩ በርዶ ጣራ ሲሠራ፣ ከሥሩ ያለው እንደ ጋለ መፍሰሱን ቀጥሎ ወጥቶ አለቀና ባዶ ቱቦ ተረፈ። ቱቦው 6 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ እዚያም አያበቃም፣ ከባሕሩ ወለል ሥር ገብቶ ይቀጥላል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የባሪያ ፈንጋይ መርከቦች በመጡ ቁጥር ሰዉ ልጁንና ስንቁን ይዞ እዚህ ይገባ ነበር። ደሴት ላይ የሚኖር ሰው የት ይሸሻል? ወደ ታች ነው። 1618 ላይ የአልጄርስ ወራሪዎች ሲመጡ ግን ዋሻው አላዳነም፤ ብዙ ሰው ታስሮ ተወሰደ። ይህ «ማንም የማያውቀው ቦታ» የሚባለው ነገር ቀልድ ያልነበረበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ዋሻው ከ1964 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። መጨረሻው አካባቢ ምስጢር አለው። አስጎብኚው ሰዉን ያስቆማል፤ ዝም በሉ ይላል፤ ከዚያ የሚሆነው ይሆናል፤ ሲያበቃም «እባካችሁ ወጥታችሁ አትናገሩ» ብሎ ይለምናል። የሚገርመው ሰው መስማቱ ነው። ቁርሱን ፎቶ አንሥቶ ለዓለም የሚያሳይ ትውልድ፣ የሚስቱን ማማጥ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ትውልድ፣ ይህችን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግሊዙም ጀርመኑም ይይዛል። እኔ ደግሞ ያደግኩት «ለማንም እንዳትነግር» የተባለ ነገር ማታውኑ ሦስተኛ ቤት በሚደርስበት ሰፈር ነው። እኛ ዘንድ «ለማንም» ሲባል ታላቅ እህትን፣ የነፍስ አባትንና ፀጉር ሠሪዋን እንደማይጨምር የታወቀ ነው። «አንተ ስለሆንክ ነው» የሚል ቃል ከተጨመረበት ደግሞ ወሬው አምስት ሰው ጋ ደርሷል ማለት ነው። የጎረቤት ልጅ እርግዝና ከራሷ ከልጅቷ በፊት የታወቀበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ስለዚህ ያንን ዋሻ እንደ ጂኦሎጂ ሳይሆን እንደ ታምር ነበር ላየው የጓጓሁት።

አላየሁትም። ማለቴ፣ አየሁት፤ ግን እያወቅኩ ነው ያየሁት። ምክንያቱም ጋሼ፣ ልንሄድ ቀን ስንቆጥር፣ በስልክ ነገሩኝ። ሙሉውን። «አንተ ስለሆንክ ነው» ብለው። አስጎብኚው ዝም በሉ ሲል፣ ዙሪያዬ ያለው ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ «ኦ!» ሲል፣ ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ ጀርመናዊ እንደ ሕፃን ሲስቁ፣ እኔ ብቻ ፈተናውን ቀድሞ የተቀበለ ተማሪ ሆኜ ቆምኩ። ባለቤቴን ዞር ብዬ ሳያት እሷም እኔን ታያለች። ለእሷም ነግረዋታል።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ጋሼ የኩሬዋን ቦታ አልነግራችሁም ይላሉ፤ መዞሪያውን ሲጠየቁ ዓይናቸውን ይከድናሉ። ያ ምስጢር ነው! ሺህ ሰው ተማምኖ አፉን የያዘበትን ግን ዝርግፍ። ሌላው ሰው ሊደነቅበት የተቀመጠውን ወስደው፣ እሳቸው የሚደነቁበትን ይቆልፋሉ። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ደግ። ኤል ጎልፎ ላይ ገመድ ተዘርግቶ፣ አትለፉ የሚል ተጽፎ፣ አንዱ ስልኩን ይዞ ዘሎ ይገባል፤ ሌላ ሰው የሌለበት ፎቶ ይፈልጋላ። ሌላው የእሳተ ገሞራውን አመድ አቋርጦ የራሱን መንገድ ይቀዳል። ዝናብ በማይበዛበት አገር ያ ዱካ ቶሎ አይጠፋም፤ ሁለተኛው ሰው ዱካውን አይቶ መንገድ ይመስለዋል፤ ሦስተኛው በእርግጥ መንገድ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ተመልሶ «ያቺን ሳታይ?» ይላል። ነዋሪው ከ150 ሺህ ብዙም በማይበልጥባት ደሴት ላይ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ገደማ እንግዳ ሲመጣ፣ ሁሉም ማንም ያልረገጠውን ካልረገጥኩ ቢል የት ይደረሳል? በሚያዝያ 2024 የደሴቶቹ ሕዝብ በቃን፣ ልክ አለው ብሎ በየከተማው ሰልፍ ወጥቷል። ቤት ኪራዩ ነው ያማረራቸው፤ ጋሼን አያውቋቸውም።

ይህን ሁሉ ለጋሼ አልተናገርኩም። በአፌ የወጣው «ቡና ይድገሙ» የሚል ነበር። ደግሞም ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ይሟሟብኛል። እሳቸው ላንዛሮቴ የሄዱት ከፋብሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ነበር፤ ሰዓቱ በደቂቃ የተሸነሸነ ጉዞ፣ ፉጨት የሚነፋ አስጎብኚ። አንድ ቦታ ላይ ሲጃራ ላጭስ ብለው ከአውቶቡሱ ፈቀቅ አሉ፤ ያችን ኩሬ ያገኟት ያኔ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በፈረቃ ደወል የኖሩ ሰው ናቸው። ኩሬዋ የባሕር ውሃ የሞላው ጉድጓድ ብትሆንም አልፈርድም።

በዚያ ላይ ስለ ላ ሄሪያ የወይን እርሻዎች የነገሩን ትክክል ነበር። ገበሬዎቹ የ1730ዎቹን አመድ ቆፍረው ከሥሩ ካለው አፈር ጋር ወይኑን ያገናኙታል፤ በየጉድጓዱ አንድ እግር ወይን፣ በየጉድጓዱ ዙሪያ ከነፋስ የሚከልል ግማሽ ክብ የድንጋይ ካብ። የሌሊቱን ርጥበት አመዱ ይዞ ያቆይለታል። ያጠፋቸው አመድ መልሶ ያበላቸዋል። እዚያ መኪና አቁመን ማንንም ሳንሰማ ረጅም ጊዜ ቆይተናል፤ ወይኑንም ቀምሰናል፣ የነዳሁት እኔ አይደለሁም።

ጋሼ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ነበራቸው። ናዝሬትን አይተናል? የደሴቲቱን ናዝሬት ነው የሚሉት፤ እንዲህ የምትባል መንደር አለች። እሳቸው የአዳማ ልጅ ናቸው፤ አዳማ ማለትን አፋቸው እስከ ዛሬ እምቢ ብሎ ናዝሬት ነው የሚሏት፤ ሌላ ናዝሬት ሲያዩ ልባቸው ደነገጠ። እዚያ ከገደሉ ተፈልፍሎ የተሠራ ቤት አለ። ግብጻዊው ተዋናይ ኦማር ሸሪፍ ለፊልም ሥራ መጥቶ ገዛውና ብዙም ሳይቆይ በካርታ ቁማር ተበላው ተብሎ ይወራል።

«ውሸት ነው» አለች ባለቤቴ። «ቤት በካርታ ይበላል?»

«ቤት? ናዝሬት ስንት አይቻለሁ!» አሉ ጋሼ። አንድ ባለጋሪ በአንድ ሌሊት ጋሪውንም ፈረሱንም ተበላ፤ በማግስቱ የበላው ሰውዬ ፈረሱን እየጎተተ ወሰደ። ፈረሱ ግን ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ በለመደው መንገድ ወደ ድሮው ባለቤቱ ግቢ ይመለስ ጀመር። ጠዋት ጠዋት አዲሱ ባለቤት በር ያንኳኳል፤ ሁለቱ ተሰዳድበው ይለያያሉ፤ ማታ ፈረሱ ተመልሶ ይመጣል።

«ታዲያ ፉርሽካውን የሚችለው የትኛው ነበር?» አለች ባለቤቴ።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው አሰቡ። ይህን ሳያጣሩ ነው ከናዝሬት የወጡት።