በአዲስ ኩለር ካምቢዮ የማቃጠል ጥበብ

ካምቢዮ ማቃጠል ማንም ይችላል። ሃያ ኩንታል ጭኖ አቀበት መውጣት ብቻ ይበቃል። እኔ የምመክርህ ከዚያ ረቀቅ ያለውን ነው፦ ገንዘብ አውጥተህ፣ ቀኑን ሙሉ ኮፈን ሥር ተደፍተህ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «የካምቢዮ ዘይት የሚያበርድ ኩለር አስገባሁ» ብለህ አውርተህ፣ ከዚያ በኋላ ማቃጠልን።

ለዚህ ትምህርት ከስማዳዋ ወገዳ የተሻለ ቦታ አታገኝም። ስማዳ ማለት ጠዋት በሽሎ ቆላ ላይ ላብህን ስትጠርግ አርፍደህ ማታ ጋይንት ላይ ጋቢ የምትደርብበት አገር ነው። መኪናም እንደ ሰው ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሐሩሩንም ውርጩንም ያያል። ቆላው ዘይቱን ያፈላልሃል፣ አቀበቱ ደግሞ የፈላውን እንዳይበርድ ይጠብቅልሃል። አንተ ብዙ አትደክምም።

መጀመሪያ ካምቢዮህ ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ አታጣራ። በእኛ አገር አቧራ የሚያቦኑት ፒክ አፖች ብዙዎቹ ማንዋል ናቸው፤ ማንዋል ካምቢዮ ደግሞ በአብዛኛው ዘይቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚኖረው፣ ወደ ራዲያተር የሚልክበት ቱቦ የለውም። ኩለሩን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስጭነህ፣ ለረዳቱም ጉርሻ ሰጥተህ ካመጣኸው በኋላ ቱቦው የሚሰካበት ሲጠፋ መካኒኩ አንዴ አንተን፣ አንዴ ኩለሩን ያያል። ያንን አስተያየት በሌላ ገንዘብ አትገዛውም።

አውቶማቲክ ከሆነ ግን ሥራችን ይጀመራል። አውቶማቲክ ላይ የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ኮንቨርተር ውስጥ የሚሽከረከር ዘይት ነው። ዳገት ላይ መኪናው ሲንፏቀቅ ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ግን በዚያው ልክ አይከተለውም፤ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ላይ ይወርዳል። ይህ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ድረስ ምቾቱ ነው። ከዚያ ሲያልፍ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር የሙያው ሰዎች እንደ ደንብ ይዘውታል፤ 120ን ሲሻገርማ መጥቆርና እንደ ሙጫ መጣበቅ ይጀምራል። ይህን አንብበህ እርሳው። ለካምቢዮ ዘይት የተለየ የሙቀት መለኪያ እንዳትገጥም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መርፌ የሞተሩን ውኃ እንጂ የካምቢዮውን ዘይት አታሳይም፤ ቢሆንም እሷ መሐል ላይ እስከቆመች ድረስ «ሰላም ነው» በልና መንገድህን ቀጥል።

አንድ ብልህ ጎረቤት ይመጣና «ለዚህ ለብርድ አገር ኩለር ምን ያደርጋል? የጋይንት ከተማ ራሷ ነፋስ መውጫ አይደል የምትባለው?» ይልሃል። ስማው፤ ብዙ ካምቢዮ የተቃጠለው በዚህ ምክር ነው። እሱ የማይነግርህ ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን ነው። እዚያ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህሉ የለም። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ አየሩ ራሱ ነው፣ ስሙ አይደለም። ውኃም እዚያ 90 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ የራዲያተሩ ክዳን የላላ እንደሆነ ሞተሩም ካምቢዮውን ያጅበዋል። በዚያ ላይ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰትክ ስትወጣ ፊት ለፊት የሚመታህ ነፋስ ከእግረኛ የሚበልጥ አይደለም። ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ከጎንህ ቆሞ ያይሃል። አይነፍስልህም።

ኩለሩን ስትመርጥ አሮጌ ምረጥ። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ሂድና ከተበታተነ መኪና የወጣውን አንሣ፤ ከማን ካምቢዮ እንደወጣ ግን አትጠይቅ። የኩለር ሆድ ጠባብ ነው። ያለፈው ካምቢዮ ሲሞት የተፋው የብረት ብናኝ እጥፋቱ ውስጥ ተቀምጦ አንተን ይጠብቃል፤ በቤንዚን ብታጥበው፣ በኮምፕሬሰር ብትነፋው ሙሉ በሙሉ አይወጣም። እንዲህ አድርገህ የሟችን ደዌ ለጤነኛው ታወርሳለህ። አዲስ መግዛት ግድ ከሆነብህ ደግሞ ትንሹን ግዛ። ሻጩ «ይኼ ለቪትዝ ነው» ካለህ «ኩለር ኩለር ነው» በለው።

አሁን መግጠሙ ላይ ደረስን። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጥበቡ ያለው እዚህ ነው።

ደንበኛ መካኒክ ኩለሩን ከራዲያተሩ ፊት፣ በብረት ማያዣ፣ ጣት የምታሾልክ ክፍተት ትቶ ያስረዋል። አንተ ግን ካርቶኑ ውስጥ የመጡትን የፕላስቲክ ማሰሪያዎች በራዲያተሩ ክንፎች መሐል ወግተህ አሳልፍና ኩለሩን ራዲያተሩ ላይ አጣብቀው። ሲያዩት ያምራል፤ በአሥር ደቂቃም ያልቃል። ከዚያ ኮረኮንቹ ሥራውን ይሠራል። የእኛን ጠጠር መንገድ ታውቀዋለህ፣ ሻይ በብርጭቆ ይዞ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ኩለሩ በየንቅጥቅጡ ራዲያተሩን ፋቅ፣ ፋቅ ሲያደርግ ይከርምና አንድ ቀን ሁለቱም ባንድ ላይ ያነባሉ። ፊት ለፊቱን ደግሞ ባዶ አትተወው። ትልቅ የጭጋግ መብራት፣ ከመብራቱ በላይ የብረት መከላከያ፣ ከመከላከያው ላይ «አምላክ ይመስገን» የሚል ጽሑፍ። ነፋሱ ይህን ሁሉ አንብቦ ሲጨርስ ኩለሩ ጋ ለመድረስ አቅም አይኖረውም።

ቀጥሎ ቱቦው። ከካምቢዮ የሚወጡት መስመሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ትኩሱን ይዞ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፣ አንዱ የበረደውን ይመልሳል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። መኪናውን ለአጭር ጊዜ አስነሥቶ ሁለቱንም በእጅ መዳሰስ፤ ቀድሞ የሚሞቀው ወጪው ነው። አዲሱ ኩለር በአብዛኛው የሚገባው በመመለሻው ላይ፣ ከራዲያተሩ ቀጥሎ ነው። እንዲህ ሲሆን ዘይቱ መጀመሪያ ራዲያተሩ ውስጥ ካለው ውኃ ጋር ሙቀቱን ያስተካክላል፤ በውርጭ ጠዋት እንዲያውም ውኃው ነው ዘይቱን የሚያሞቅለት። አንተ አትዳስስ። እጅ ይቆሽሻል።

የቱቦውን ዓይነት በተመለከተ ከረዳትህ ጋር እንዲህ ተነጋገር፦

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የውኃ ጎማ ነው።»

«ታዲያስ? ዘይት ፈሳሽ አይደለም እንዴ?»

«ሙቀት አይችልም፣ ጋሼ። ያብጣል።»

«አንተ ልጅ፣ እሰር ስልህ እሰር።»

«ፋሼታስ?»

«ሽቦ የለም? ከላዩ ከመነዳሪ ጠምጥምበት።»

ይህ ውይይት የአንዲት ፋሼታ ዋጋ ያተርፍልሃል፤ በምትኩ የሚሄደው ሙሉ ካምቢዮ ነው። ልጁ ሽቦውን በፒንሳ ሲያጠብቅ ቆመህ ተመልከት። ሽቦው ጎማውን እንደ ቢላ ይበላዋል፤ ከመነዳሪው ግን ጠባሳውን ስለሚሸፍነው ማንም አያይም። ዘይት ሲነካው የሚለሰልስ ጎማ መጀመሪያ ያልባል፣ ከዚያ ያብጣል፣ ከዚያ አንድ አቀበት መሐል ላይ ካፍንጫው ሾልኮ ይወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ስለ መቀነት ብቻ አይመስለኝም።

ዘይቱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስሕተቱ በዝቶ መምረጥ ቸግሮኛል። አምራቹ የጻፈውን ዓይነት አትፈልግ። ቀይ ከሆነ በቃ፤ ቀይ ካጣህም 90 ቁጥር አለ። አዲሱ ኩለርና ቱቦዎቹ የራሳቸውን ዘይት እንደሚወስዱ፣ ስለዚህ ከገጠሙ በኋላ መጨመር እንዳለበት እርሳ። ልኬቱን ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው ዳገት ላይ በድንጋይ ተደግፎ ሳለ ለካ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ሌላ ነው፤ ደልዳላ መሬት፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ የተባለው ሙቀት ላይ ሲደርስ። አዲሶቹ ሃይሉክሶች እንዲያውም መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ ከታች ባለች ቡሎን በኩል ትርፉ ሲንጠባጠብ ነው ልኩ የሚታወቀው። ቡሎኗን ሞተሩ ጠፍቶ ፍታት። የሚፈሰውን አይተህ «ሞልቷል» በል።

የድሮው ዘይት ሲወርድ ወተት የገባበት ድልህ መስሎ ከታየህም አትደንግጥ። ይህ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩለር ተቀዶ ውኃና ዘይት የተጋቡበት ምልክት ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ራዲያተሩ መቀየር፣ ካምቢዮውም መታጠብ ነበረበት። አንተ አዲሱን ኩለር ከዚያው ራዲያተር ጋር አያይዘው። ጋብቻው ይጽና።

አሁን የመጨረሻው፣ የኩለሩ እውነተኛ ጥቅም። ኩለር የሚገባው ለመጫን ነው፣ አይደለም እንዴ? የፒክ አፕ አቅሙ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ኩለር የገባለት ግን ፈቃድ እንደተጻፈለት ይቆጠራል። ድንቹን ጫን። በጎቹን በላዩ ጫን። በበጎቹ ላይ ሁለት ሰው፣ ዶሮ በእጃቸው። ለክርክር የሚመጣ ካለ ሴባስቶፖልን ጥቀስለት። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር አስነሥተው መቅደላ እስኪያደርሱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ወስዶባቸዋል። መንገድ እየጠረጉ፣ በሰው ክንድ እያስጎተቱ፣ እየሰፈሩ እየተነሡ። እሳቸው ካምቢዮ አልነበራቸውም፤ የሚጎትተው ሰው ደግሞ ሲደክመው ያርፋል። አንተ እንዳታርፍ። ማርሹን ዝቅ አድርገህ ኮንቨርተሩን አታግዘው፤ ዲ ላይ ተክለህ ነዳጁን እስከ ታች ርገጥ። ትኩስ ሽታ ሲመጣ፣ የተቃጠለ ቂጣ የመሰለ ሽታ ነው፣ «የፍሬን ነው» በልና መስኮቱን ክፈት። አናቱ ላይ ስትደርስ ደግሞ ሞተሩን ቶሎ አጥፋው። ፓርኪንግ ላይ አድርገህ ለጥቂት ደቂቃ እንዲዞር ብትተወው ፖምፑ ዘይቱን ኩለሩ ውስጥ እያመላለሰ ያበርደው ነበር፤ ስታጠፋው ግን ፍሉ ዘይት ካለበት ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። ከወጪ ቀሪ ነዳጅ ቆጥበሃል።

ይህን ሁሉ በደንብ ከፈጸምክ ጋይንት ሳትገባ፣ አንድ ጠመዝማዛ ላይ፣ ሞተሩ እያጓራ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ልጁ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ይወሽቃል። ከሥሩ ቀይ መስመር ጠጠሩን እየቀደደ ይወርዳል። ማንም አይሰድብህም፤ የበጎቹ ባለቤት ግን ከበጎቹ ጋር በእግር ቢሄድ ይሻለው እንደነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና ይገኛል። ዋጋውን እሱ ይናገራል፤ አንተ ትከፍላለህ። ፒክ አፑን ከገደሉ ጥግ ባለው አፈር ላይ እየገፋችሁ ካሮሳው ላይ ታወጡታላችሁ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጋችሁ።

የጭነት መኪናው ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት መንገድ ላይ ሲገባ ይፈጥናል። ማታ ነው፤ ነፋስ መውጫ እንደ ስሟ ትነፍሳለች። አንተ ጋቢና ውስጥ ጋቢህን ተከናንበህ ወደ ኋላ ብትዞር አዲሱን ኩለርህን ታየዋለህ፤ ነፋሱ በመብራቶቹ መሐል ሾልኮ ፊቱን ይመታዋል፣ ክንፎቹ ያብረቀርቃሉ፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።