ንጉሡ ደጅ ሲጠና

የወረዳችን ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያላደነቀ ሰው የመንግሥት ሥራ አልገባውም። «ሠራተኞቻችን በተቀላጠፈ አገልግሎት አሰጣጥ ዙሪያ ሥልጠና ላይ ስለሆኑ እስከ ዓርብ አገልግሎት አንሰጥም» ይላል። አግዳሚው ላይ የተኮለኮሉት ያጉረመርማሉ። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ለውጥን የሚያደናቅፈው ባለጉዳይ ነው። በየሰዓቱ መታወቂያ አድሱልኝ፣ መሸኛ ጻፉልኝ እያለ መስኮት የሚያንኳኳ ሕዝብ ባይኖር ኖሮ የት በደረስን!

ለነገሩ «ባለጉዳይ» ማለትም ቀርቷል። መጀመሪያ ደንበኛ ሆንን፣ ቀጥሎ ተገልጋይ፤ በኋላም ግድግዳው ላይ «ተገልጋይ ንጉሥ ነው» ተብሎ ተጻፈልን። በጥንቱ ዘመን አቤት ባዩ የንጉሡን ደጅ ይጠና ነበር። ዛሬ ንጉሡ ራሱ ይጠናል።

የእኛ ሹመት ሲገርመን የሠራተኛውስ! በ1980ዎቹ መጨረሻ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው ከወጪ ቁጥጥር እስከ ሥነ ምግባር አምስት ንዑስ ፕሮግራም ይዞ ሲመጣ የመምሪያ ኃላፊ የነበሩ ሰው፣ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) ሲገባ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ሆኑ። ከዚያ ዳይሬክተር፣ አሁን ደግሞ ሥራ አስፈጻሚ። ወንበሩ ያው ነው፤ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው ኮትም ያው። «አሉ፣ ኮታቸው አለ» ይሉናል። በእውነትም ኮቱ በአራቱም ማዕረግ ከሥራ ገበታው ተለይቶ አያውቅም።

የቢፒአር አባት የሚባለው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የማይረባውን አሠራር ኮምፒውተር ላይ ከመጫን ከሥሩ ነቅሎ መጣል። እኛ ምክሩን አሻሽለን ተቀበልነው። አሠራሩንም አልነቀልነው፣ ኮምፒውተሩ ላይም አልጫንነው። ኮምፒውተሩ ላይ የጫንነው ዳንቴል ነው።

ሚዛናዊ የውጤት ምዘናም መጣ። ሠራተኛው ነጥቡን ለራሱ ይሞላል፣ አለቃው ይፈርማል፣ ተገልጋዩ ይጠብቃል፤ ከዚህ የበለጠ ሚዛን ከየት ይመጣል? አንድ ለአምስት ሲደራጁ ደግሞ ስድስቱም ይሰበሰባሉ። መስኮቱ ላይ ስንት ሰው እንደሚቀር ሒሳቡን ለአንባቢ ትቻለሁ።

ካይዘንን ግን በግሌ አልረሳውም። ላገባ ስል፣ አለማግባቴ በማህተም ይረጋገጥ ተባለ። ለነጠላነቴ ከባዶ ድስቴ የተሻለ ምስክር ባይኖርም ሰዎች አስከትዬ ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ የካይዘንን አምስት «ማ»ዎች ጨርሶ ያበራል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። መደርደሪያው ቀለም ተቀብቷል፤ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል። እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ቤት አይቼ አላውቅም። ከልብ ነው የምለው፤ ባዶ ነገር ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

«ፋይልህ የለም ወንድሜ» አለችኝ ልጅቷ።

«የት ሄደ?»

«ተጣርቶ ይሆናላ!»

አንዱ ምስክሬ በጆሮዬ «ለምን መሶብ አትሄድም?» አለኝ። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ሐቁን ለመናገር፣ ብዙ ተቋማትን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል፤ ስሙም ያስጎመጃል። ግን መሶቡ የትም ይሰፋ፣ የእኔ እንጀራ የሚጋገረው እዚሁ ወረዳ ነው፤ ሊጡን ደግሞ አጣርተው ደፍተውታል።

አልተሸነፍኩም። በመስታወት ተከብቦ የተሰቀለውን የዜጎች ቻርተር በጣቴ አሳየኋት። «ያላገባ ማስረጃ፦ 20 ደቂቃ» ይላል። እኔ የምመላለሰው ከማክሰኞ ጀምሮ ነው።

ቀና ብላ አነበበችው፤ ያየችው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

«እሱማ» አለችኝ፣ የሻይ ሰዓት ደርሶ መስኮቱን ገርበብ እያደረገች፣ «የሚቆጠረው ፋይልህ ከተገኘ በኋላ ነው።»