ሸራው ደረሰ፣ ገንዘቡ መንገድ ቀረ

ሦስት ሜትር ሸራ ሚኒባስ ውስጥ አይገባም። ላዳ ጣሪያ ላይ ሲታሰር ደግሞ ነፋስ ይጫወትበታል። ስለዚህ ሥዕሌን ገርጂ ካለችው ስቱዲዮዬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ አንድ ሆቴል የወሰድኩት በኪራይ ፒካፕ ነው፤ እኔም ከኋላ ቆሜ፣ ፍሬሙን በሁለት እጄ ይዤ። ኢምፔሪያል ጋ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ፊት ለፊቱ የዘይት ቀለም ስለሆነ ብዙ አልሰጋሁም፤ የሰጋሁት ከጀርባ ላለው አቡጀዲ ነው። እሱ ከረሰረሰ ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ጃኬቴን አውልቄ አለበስኩት። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ወንድሜ፣ ግባ እንጂ! ትታመማለህ!» ይለኛል።

ሥዕሉ በደኅና ገባ። መከራው የጀመረው ሒሳብ ክፍል ነው።

የተስማማነው በ90,000 ብር ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ትሑት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ቲን ነምበርዎንና የንግድ ፈቃድዎን ኮፒ ይስጡኝ» አለችኝ። ሁለቱም የሉኝም። ሥዕል ስንማር በጥላና ብርሃን፣ በአጥንትና ጡንቻ አቀማመጥ ዓመታት ፈጅተናል፤ ስለ ደረሰኝ አንስቶ ያስተማረን ግን አልነበረም። ልጅቷ የኮምፒውተሯን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችው። ያኔ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ድርጅት ከ10,000 ብር በላይ የሆነ ዕቃ ሲገዛ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (ቅድሚያ የሚያዝ ግብር) ይቆርጥ ነበር፤ ሻጩ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ካላቀረበ ግን የሚቆረጠው 30 በመቶ ነበር። 1,800 ብር ሊሆን ይችል የነበረው 27,000 ብር ሆነ። ልጅቷን አልተቀየምኳትም፤ ሥራዋ ነው። ግን ያ ገንዘብ የቀለም ሱቁና የፍሬም ሠሪው ዕዳ ነበር፤ የሚቀጥለው ሸራም።

ይህን ሳወራ «አርቲስት ደግሞ ከገንዘብ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይህ አባባል ያንገበግበኛል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕያቸውን አሳዩ፤ ከዚያ ባገኙት ገንዘብ ሁለት ዓመት ያህል አውሮፓን እየዞሩ ተማሩ፣ የመስታወት ሥዕልንም ጭምር። ዛሬ ሁላችንም የምንኮራበት የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሥዕል የተገኘ ብር ሥዕል ሆኖ ይመለሳል። ሠዓሊ ገንዘቡን ሲያጣ የምናጣው ገና ያልተሠራውን ሥራ ነው።

የጓደኛዬ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ሥዕሉን በቃል ስምምነት ለአንድ ድርጅት ሸጠ፤ በዓመቱ ሥዕሉን ካሌንደር ላይ አየው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን የማባዛት መብት የሠዓሊው ነው፤ ሸራውን መሸጥ ሌላ፣ እንዲባዛ መፍቀድ ሌላ። ሆኖም ምን እንደተስማሙ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት በእጁ አልነበረችምና ክርክሩ በ«ብያለሁ»፣ «አላልክም» ቀረ።

ሥዕል የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ከማስመረቃችሁ በፊት ውል መጻፍን፣ ዋጋ መተመንን፣ ግብርን አስተምሯቸው። እናንተም ወጣት ሠዓሊዎች፣ ትዕዛዝ ስትቀበሉ መጠኑን፣ ዋጋውን፣ ቅድመ ክፍያውንና የማባዛት መብቱን በጽሑፍ አስፍራችሁ ሳታስፈርሙ ሸራ አትወጥሩ።