ለዳቦ ነው?

እኛ ቤት ቴሌቪዥን ብቻውን አይኖርም። ሪሲቨሩ፣ ዋይፋዩ፣ ስታቢላይዘሩ፣ ዩፒኤሱ፣ ልጄ ያመጣው የካሜራ መቅጃ፣ ከምን ጋር እንደመጣ የማይታወቅ ግን ማንም ሊጥለው የማይደፍር ጥቁር ቻርጀር፤ ሁሉም ቡፌው ላይ ተደራርበዋል። ከኋላ አንዱን ገመድ ሳብ ካደረጉ መኝታ ቤት ያለ ሰው ይጮኻል።

የምፈልገው ባንክ ቤት ጥግ ላይ ቆሞ የሚታየውን የብረት ሳጥን ነው፣ በትንሹ። ዕቃው በቡሎን እየታሰረ ከላይ እስከ ታች ይደረደርበታል። ስፋቱ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ 19 ኢንች። አሜሪካኖች የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ዕቃ ሊያስሩበት ካወጡት መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል። ቁመቱ የሚለካው በ«ዩ» ነው፤ አንዱ ዩ 4.445 ሴንቲ ሜትር። ለእኔ 6 ዩ ይበቃኛል። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ምናለሽ ተራ ወረድኩ።

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቴን አገላበጠው።

«ጋሼ፣ ዛሬ 19 ኢንች ቲቪ ማን ያያል?»

ቲቪው ሳይሆን ሳጥኑ ነው አልኩት። አየር እንዲያስገባ ጎኑ ይበሳ፣ በሩም ወንፊት ይሁን አልኩ። ፊቱ በራ። «እንደሱ አይሉም! ለዳቦ ነው? ስንት ትሪ ይያዝ?»

አየር የሚለውን ቃል ቤቴም ማንም አልሰማኝም። አገራችን ማሽን ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚደረግለት ዳንቴል ማልበስ ነው። ሬዲዮው ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የመስመር ስልኩ ከነእጀታው ለብሶ ነው የኖረው፤ ሪሞት እንኳ ከነላስቲኩ ያረጃል። የድሮው ቴሌቪዥንማ የእንጨት በርና ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ አባወራው ኪስ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ዜና ሲደርስ ብቻ ይከፈታል። ታዲያ ዩፒኤሱ ላይ ድርብ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ በላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦ አግኝቼ፣ «የዚህ ባትሪ ዕድሜ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግማሽ ይቀንሳል» ብል፣ አማቴ አበባውን አቃንተው «አቧራስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አቧራም እኮ ይገድለዋል።

በአማቴ አልፈርድም። የምፈርደው ቤቱን በሠራው ሰው ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ተቀብሎ፣ ብሮሹሩ ላይ ጃኩዚ ስሎ፣ ሳሎኑን በአንድ ሶኬት ያስረከበኝ፣ እሱንም ከበር ኋላ! ግድግዳው ሳይለሰን ሁለት ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ቢቀብር ምን ይጎድልበት ነበር? አልቀበረም፤ ስለዚህ ኢንተርኔት የሚያስገባው ልጅ በትራፓኖ የበሩን ጉበን በስቶ ገመዱን በሚስማር እየመታ ሳሎን ያደርሰዋል፤ ማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ ይሰካል፤ እኔ ሌሊት የተቃጠለ ላስቲክ የሸተተኝ እየመሰለኝ ተነስቼ በእጄ እዳብሳለሁ። ይህን በገንዘብ እጥረት አታመካኙልኝ። ቤቱ ውስጥ ሰው ይኖርበታል ብሎ ለአንድ ቀን ያሰበ ጠፍቶ ነው።



ልጄ ደግሞ አዲስ ነገር አምጥቷል። «ዋይፋዩን ላሜራ ውስጥ ከከተትከው ሲግናሉ እዚያው ይቀራል፤ እሱ ውጭ ይሁን» ይላል። ልክ ነው። ግን ውጭ ማለት የሳጥኑ አናት ማለት ነው፣ አማቴ ደግሞ የሳጥኑን አናት ስፋት ከወዲሁ በስንዝር ለክተውታል። የሰፈራችን አናጺ በኤምዲኤፍ ልሥራልህ ብሎኛል፤ እንጨት ሲግናል አይከለክልም፣ ቡሎኑ ግን ይለቃል። ባለቤቴ ነጭ ከሆነ ይሁን ብላለች።

ትናንት በያጁ ደወለ። ቀለሙን ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ዋይፋይ ካወቁ አይቀር፣ የኛ ሱቅ ማታ ማታ ለምንድነው የሚንቀራፈፈው?»

የት እንዳስቀመጠው ጠየቅኩት። የብረት ካዝና ውስጥ፣ እንዳይሰረቅ።