ከጭቃ ስለሚሠራ የቤት ሥራ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ ዓለም ገና ላይ ይታጠፍና አዋሽን ሲሻገር መልካ ቁንጥሬን ያልፋል። አውቶቡሱ አይቆምም፤ ረዳቱም ስለ ቦታው የሚናገረው ነገር የለውም። የዚህ ጥናት መነሻ ግን እዚያ ነው። ከ700,000 ዓመት በፊት በአንድ ኩሬ ዳር፣ ጭቃ ላይ የቀረ የእግር ዱካ ተገኝቶ በ2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጥናቱ ታትሟል። ከዱካዎቹ መካከል የሕፃናት፣ ምናልባትም ገና ድክ ድክ የሚሉ ልጆች ዱካ አለበት። በዚያው ስፍራ የተጠረበ ድንጋይና የተበለተ ጉማሬ አጥንትም ተገኝቷል። ከዚህ የምንረዳው የሥራ ክፍፍሉን ነው፦ ትልልቆቹ ዕቃ ይሠራሉ፣ ልጆቹ ጭቃ ይረግጣሉ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ጥንታዊ ክፍፍል ሊገለብጡ ተነሥተዋል። ዛሬ «የክወናና የእይታ ጥበባት» በሚባለው፣ በእኛ ጊዜ ግን በአጭሩ «የእጅ ሥራ» ይባል በነበረው ትምህርት፣ ዕቃውን የሚሠራው ልጁ ነው ተብሏል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮብል በ1837 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሕፃናት ቤቱን ሲከፍት ሸክላ ማድቦልቦልና ወረቀት ማጠፍ ከልጆቹ ሥራዎች መካከል ነበሩ። ልጅ በጨዋታና በእጁ ይማራል ብሎ ያምን ነበር። ልጁ ይህን ትምህርቱን ለአባቱ የሚገልጠው ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን ግን ያሰበበት አይመስልም።

የጥናቱ ወሰን ሁለት ከተሞች ናቸው፤ በጅማ መንገድ ያለችው ወልቂጤና በሆሳዕና መንገድ ያለችው ቡታጅራ። ናሙናው ሁለት ልጆች ነው፦ ወልቂጤ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ወንድ ልጄና ቡታጅራ አንደኛ ክፍል የምትማር የእህቴ ልጅ። ናሙናው አንሷል የሚል ተቺ ቢኖር፣ ሁለቱን ልጆች ለአንድ ቅዳሜ ወስዶ ያቆይልንና እንነጋገራለን።

የመጀመሪያው ግኝት ጊዜን ይመለከታል። ሥራው የታዘዘው ሰኞ ነው። የተነገረን ሐሙስ ማታ ነው፤ ያውም እራት ተበልቶ፣ መብራት ጠፍቶ።

«አባዬ፣ ቲቸር ከጭቃ ጀበና ሠርታችሁ አምጡ ብላለች።»

«ለመቼ?»

«ለነገ።»

እስካሁን በደረስንበት፣ ለነገ ያልሆነ የእጅ ሥራ የለም። ስለዚህ አንድ የቤተሰብ ኃላፊ በጨለማ፣ በስልኩ ባትሪ እያበራ የአጥሩን ሥር መቆፈር ይጀምራል። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ሰምቶ፣ «ምነው በደህና?» አለኝ። «ፕሮጀክት ነው» አልኩት። ምንም አላለም፤ እስከ ክርኑ ጭቃ የተለወሰ እጁን በአጥሩ ላይ አሳየኝ።

ስለ ጭቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ ከሚታሰበው በላይ ጥልቅ ነውና። ከአጥራችን ሥር የወጣው ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራ ቤት እንኳ የሚያውቀው ጠባይ ነው። ሸክላ ሠሪዎች አፈራቸውን መርጠው፣ አጣርተው፣ የተሰበረ ሸክላ ፈጭተው ይቀላቅሉበታል፤ ሠርተውም ቀስ ብሎ በጥላ እንዲደርቅ ይተዉትና ያቃጥሉታል። ይህ የቀናት ሥራ ነው። እኛ የነበረን እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። የጀበናው ሆድ ወጣ፤ አንገቱ ግን ዘመመ። ጡቱን ስንተክል እጀታው ወደቀ፣ እጀታውን ስንመልስ ጡቱ ወደ ውስጥ ገባ። እናቱ የፀጉር ማድረቂያ ይዛ መጣች፤ መብራት እንደሌለ ስታስታውስ ይዛው ተመለሰች። በመጨረሻ ጀበናውን ከምድጃው ጎን አስቀምጠን እጀታውን በኮላ አጣበቅነው። በሸክላ ታሪክ ኮላ መች እንደገባ ለሚመራመሩ፣ በእኛ ቤት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ልጁ የት ነበር? ይህ የጥናቱ ዋና ጥያቄ ነው። ልጁ አጠገባችን ቆሞ ነበር። በሁለት ሰዓት ተኩልና በአራት ሰዓት መካከል ደጋግሞ የሰማው የትምህርት ቃል «እንዳትነካው» የሚል ነው። በአራት ሰዓት ተኛ።

እናቴ ከወንበሯ ሳትነሣ ነገሩን ሁሉ ስትታዘብ ቆይታ፣ «ይህን ልጅ ሸክላ ሠሪ ልታደርጉት ነው?» አለች። ጥናቱ እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለበት። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ወደ እኛ ቤት እየመጣ ነው፤ ገና መንገድ ላይ ይሆናል። በአገራችን በጉራጌ፣ ቤት የሚሠሩት፣ እንጨት የሚጠርቡት፣ ሸክላ የሚሠሩት ሰዎች ፉጋ እየተባሉ፣ ከመሬትም ከማዕድም ተገልለው ኖረዋል። ክትፎውን በጣባ እየበላን ጣባውን የሠራችውን ሴት ደጃፍ አናስገባም ነበር። ዛሬ ያው ጭቃ ከ10 ይታረማል፤ እናቴም የልጅ ልጇ ሙሉ ነጥብ ባያገኝ የምታዝን ናት። ሁለቱን ነገር በአንድ ራስ ውስጥ እንዴት እንዳስማማቻቸው ብጠይቃት፣ «ያ ሥራ ነው፤ ይሄ ትምህርት ነው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ በየትኛውም የሥርዓተ ትምህርት ሰነድ ላይ አላገኘሁም።

የቡታጅራው ጉዳይ በአጭሩ ያልቃል። የእህቴ ልጅ በወረቀት ላይ እህል እያጣበቀች ሥዕል እንድትሠራ ታዘዘች። ለቢጫው ክክ፣ ለቡናማው ምስር ተገኘ፤ ለቀዩ አበባ ግን የበርበሬው አገር ማረቆ ቅርብ ነውና የተደለዘ በርበሬ በኮላ ላይ ተነሰነሰ። ሥዕሉ ያማረ ነበር አሉ። ክፍሉ ውስጥ ለመስቀል ሲሞከር መምህሯም፣ ተማሪዎቹም፣ ከመስኮቱ ውጪ የነበረው ዘበኛም አስነጠሱ። ጥበብ ተመልካቹን መንካት አለበት የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር።

የሚቀጥለው ፕሮጀክት «የአካባቢያችን ቤት» የሚል ነበር፤ ሙሉው ቤተሰብ የተሳተፈበትና እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ክርክር ያስነሣ። የጉራጌ ጎጆ ሞዴል ቀላል ይመስላል። ምሰሶው እርሳስ ነው፣ ግድግዳው የስቴኪኒ ረድፍ ነው፣ ክዳኑ ሣር ነው፤ ከጓሮው ያለው እንሰት ደግሞ ከአረንጓዴ ወረቀት ተቆረጠ። ችግሩ የመጣው ከጀፎረው ነው። ጀፎረ ለማያውቅ አንባቢ፦ በሰባት ቤት ጉራጌ መንደር ከቤቶቹ ፊት የሚዘረጋው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ ሜዳ ነው፤ ሰርግም፣ ለቅሶም፣ የመስቀል ጨዋታም፣ የልጆች ኳስም የሚውልበት። ማንም አጥሩን ወደ ጀፎረ እንዳይገፋ ባህላዊው ሕግ ይከለክላል። እኔ ግን የያዝኩት የብስኩት ካርቶን ጠባብ ነበርና አጥሩን ትንሽ ገፋሁት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችና፣ «ይህ ለየጆካ የሚቀርብ ነገር ነው» አለች፤ የጆካ የሰባት ቤት ጉራጌ የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። የስቴኪኒ አጥር ነው ብላት፣ «ሰው መግፋት የሚጀምረው በስቴኪኒ ነው» አለችኝ። አጥሩ ተነቅሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ቤቱ ከካርቶኑ በስተጀርባ በግማሽ ተንጠልጥሎ ትምህርት ቤት ገባ፤ ጀፎረው ግን ሙሉ ነው።

ስለ ሥዕል ይህ ጥናት ብዙ አይልም። በዚያው በቡታጅራ መንገድ፣ ጥያ ላይ የቆሙት 36 ድንጋዮች በ1980 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ሲመዘገቡ፣ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ነበሩ፤ ሰይፉ ይታወቃል፣ የብዙዎቹ ምልክቶች ፍቺ ግን አልተገኘም። ልጄ በደብተሩ ጀርባ የሚሥላቸው ነገሮችም እንዲሁ ናቸው። ፀሐይዋ ትታወቃለች። የቀሩትን ብጠይቀው «ገና አልወሰንኩም» ይላል፤ ምናልባት የጥያ ሰዎችም እንዲሁ ብለው ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዓመት አንድ ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ይኸው ሠዓሊ አደይ አበባና መልአክ ሥሎ ደጅ ለደጅ ይዞራል፤ ማንም ሳያግዘው፣ ማንም «እንዳትነካው» ሳይለው። መልአኩ አንድ ክንፉ ከሌላው ይረዝማል። ገንዘብ ይከፈለዋል። በቤታችን ከሥዕል ገቢ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። መስቀል ላይ ከመርካቶ የመጣው አጎቱ የሚጮህ የፕላስቲክ መኪና አመጣለት። በሁለተኛው ቀን ፈታታው። በሦስተኛው ቀን ጎማዎቹን በበቆሎ አገዳ ላይ ሰክቶ፣ ኋላውን በቆርኪ ጨርሶ፣ በቃጫ ገመድ የሚጎተት መኪና ሠርቶ በሰፈሩ ልጆች አስከትሎ ሲሄድ አየሁት። መሪ አለው፤ ይታጠፋል። ይህን ለምን ትምህርት ቤት እንደማይወስደው ጠየቅሁት።

«ይሄማ ጨዋታ ነው» አለ፤ ፕሮጀክት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በሚያስረዳ ቃና።

ወደ ጀበናው እንመለስ። ዓርብ ጠዋት በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በእኔ ጭን ላይ ባጃጅ ተሳፍሮ ሄደ። ልጁ ከጎኔ በእግሩ ሊሄድ ነበር፤ ቦታ ስለተገኘ ተሳፈረ። ክፍሉ ደጃፍ ስደርስ ሌሎች አባቶችም ካርቶናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ሲኒዎቹን እንኳ ሠርቷል፤ ስድስት፣ ከነረከቦታቸው። ሳናወራ ተያየን። መምህሯን አልወቅስም። አንዲት ሴት በዚያ ሁሉ ልጅ መካከል ሆና የማንን አሻራ ከማን ትለያለች? ደግሞስ የሠለጠነ ዐይን ላለው፣ እጀታ ላይ ያለ የአውራ ጣት አሻራ ስፋቱ ራሱ ይናገራል።

ማታ ልጁ ቦርሳውን ሳያወርድ ከበር ጀምሮ ጮኸ።

«አባዬ፣ ዘጠኝ አገኘህ!»

አንዱ ነጥብ በምን እንደተቀነሰ ጠየቅሁ፤ በአንገቱ ነው አለኝ። እናቱ አንገቱን እሷ እንዳልሠራችው አስታወሰች።

ከዚያ ሌሊት የተረፈው ጭቃ ቧንቧው ሥር ፈስሶ ነበር። እኛ በእጀታው ስንጨነቅ ልጁ ሳይተኛ በፊት በባዶ እግሩ ገብቶ ረግጦታል፤ እዚያው ደርቋል። አምስቱም ጣቶች ይታያሉ፤ ትንሿ ጣት ትንሽ ወደ ጎን ሸሽታለች። እናቱ ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያ ይዛ ወጣች። ለጥናቱ ያስፈልጋል ብዬ አስቆምኳት። ዙሪያውን በአራት ድንጋይ ከለልኩት። ዝናብ እስኪመጣ እዚያው ነው።